ሃምሳ ሎሚ በአንድ ሰው ትከሻ
«የሆነ ሆኖ ሎራንስ» ስለ ተባለው ፊልም የቀረበ ሂስ

፩

ካናዳዊው የፊልም ደራሲና አዘጋጅ ግዛቪዬ ዶላን «ሎራንስ ኤኒዌይስ» የተባለውን ሥራውን በ2012 ዓ.ም. በካን የፊልም ትርኢት ሲያሳይ ዕድሜው ገና 23 ዓመት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ርእሱን ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «የሆነ ሆኖ ሎራንስ» እንደ ማለት ይሆናል። ፊልሙ 168 ደቂቃ ይፈጃል፤ ታሪኩም በኬቤክ ክፍለ ሀገር በሞንትሬያል ከተማ በ1980ዎቹ መጨረሻ ይጀምርና ዐሥር ዓመት ያህል ይጓዛል። ባለታሪኩ ሎራንስ አሊያ የሥነ ጽሑፍ መምህር ናቸው። በተወለዱ ጊዜ ወንድ ተብለው ተመዝግበዋል፤ በወንድነትም አድገዋል፤ በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ግን በውስጣቸው ራሳቸውን የሚያውቁት በሴትነት መሆኑን አብራቸው ለምትኖረው ለፍሬድ ይገልጻሉ፤ ከዚያም በሴትነት ለመኖር ይነሣሉ። ይህን ዐይነቱን የሕይወት ለውጥ ዛሬ የጾታ ሽግግር ይሉታል።

ፊልሙ ከወጣ ጀምሮ ብዙ ጊዜ የሚወሳው እንደ ፍቅር ታሪክ ነው። ፍሬድን ሆና የተጫወተችው ሱዛን ክሌማን በዚያው በካን «አን ሰርተን ርጋር» በተባለው ክፍል የተዋናይት ሽልማት ተካፋይ መሆኗ ይህን አስተያየት ሳያጠነክረው አልቀረም። እኔ ግን በሌላ በር ገብቼ ልመረምረው አስቤአለሁ። ሎራንስ አፍቃሪ ብቻ አይደሉም፤ መምህር ናቸው። መምህር ደግሞ የብዙ ሰው ነው፤ የተማሪው ነው፣ የሥራ ባልደረባው ነው፣ የወላጁም ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቱ ትልቁን ለውጥ በሚያደርግበት ጊዜ በዙሪያው ያለው ማኅበር ምን ያደርግለታል? ማድረግ የሚገባውስ ምንድን ነው?

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ዶላን በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ሃምሳውን ሰው በደንብ ያሳየናል። ቀጥሎ ግን ሃምሳውን ሎሚ ሰብስቦ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ይጭነዋል፤ ትከሻዋ ሲጎብጥም ነገሩን የፍቅር መከራ አድርጎ ይተርከዋል። የፊልሙ ብርታትም ጕድለትም ከዚህ ላይ የሚገኝ ይመስለኛል።

፪

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ አጠራር ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። በአማርኛ ስለ አንድ ሌላ ሰው ጾታውን ሳይለዩ መናገር አስቸጋሪ ነው። «መጣ» ወይም «መጣች»፣ «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት ግድ ይሆናል፤ «ጋሼ» እና «እትዬ» እንዲሁ የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን ይኸው ቋንቋ ለአክብሮት የተለየ መንገድ አለው። «እሳቸው መጡ» ሲባል የመጡት ወንድ ይሁኑ ሴት ግሡ አይነግረንም፤ «እርስዎ» ሲባልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሎራንስን በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በአንቱታ እጠራቸዋለሁ። ይህንንም የማደርገው ከጥያቄው ለመሸሽ ብዬ አይደለም። ተማሪ መምህሩን በአንቱታ የሚጠራው ስለ መምህርነቱ ነው፤ ይህ አክብሮት በሱሪ የሚጨመር፣ በቀሚስ የሚቀነስ አይደለም። ማኅበር ለመምህር የሚሰጠው የመጀመሪያው ድጋፍ ምናልባት ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ትናንት ይሰጠው የነበረውን አክብሮት ዛሬም አለመንሣት።

ዶላንም በስሞች ተጫውቷል። በፈረንሳይኛ «ሎራንስ» ዘወትር የሴት ስም ነው፤ የወንዱ «ሎራን» ይባላል። «ፍሬድ» ደግሞ የወንድ ስም ሲመስል የተሰጠው ለሴቲቱ ነው። ስለዚህ ሎራንስ ሲሸጋገሩ ስማቸውን መለወጥ አላስፈለጋቸውም። የርእሱም ምሥጢር ከዚህ ይወጣል፤ ልብሱም ድምፁም ቢለወጥ፣ የሆነ ሆኖ ሎራንስ ያው ሎራንስ ናቸው።

፫

በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል በእኔ ግምት ሎራንስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴት ልብስ ለብሰው ተማሪዎቻቸው ፊት የቆሙበት ነው። ጠጕራቸው ገና አጭር ነው፤ አለባበሳቸው ግን ተለውጧል። ክፍሉ ዝም ይላል። ዝምታውም ይረዝማል። ተመልካቹ በመቀመጫው ላይ ሆኖ አንድ ሳቅ፣ አንድ ስድብ፣ ወይም በሩን ወርውሮ የሚወጣ ተማሪ ይጠብቃል። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ እጇን ታነሣለች። የምትጠይቀው ግን ስለ ልብሱ አይደለም፤ ስለ ትምህርቱ ነው። ሥራው ይቀጥላል።

ይህ ትንሽ ጥያቄ ከፊልሙ ረዣዥም ንግግሮች ሁሉ ይልቅ ስለ ድጋፍ ያስተምረናል። ድጋፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው «አይዞህ» ማለትን፣ ማቀፍን፣ ማጨብጨብን ነው። ተማሪዋ ከነዚህ አንዱንም አላደረገችም። ያደረገችው ነገር መምህሯን ሥራቸውን መጠየቅ ነው። እንዲህ ስትጠይቅ «አንቱ ዛሬም መምህሬ ነዎት፤ ከእርስዎ የምፈልገው ዕውቀት አሁንም አለ» ማለቷ ነው። ያጨበጨበች እንደ ሆነ ሎራንስን ትርኢት ታደርጋቸው ነበር። የሳቀች እንደ ሆነም እንዲሁ። በመጠየቋ ግን ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው።

ሁለተኛም፣ ይህ ክፍል «ልጆቹ ምን ይሆናሉ?» ለሚለው ጥያቄ ከወላጆችና ከአስተዳዳሪዎች ቀድሞ መልስ ይሰጣል። ልጆቹ ይገረማሉ፤ ጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ከዚያም ስለ ትምህርታቸው ይጠይቃሉ። ዶላን ይህን በአንድ ዝምታና በአንድ ጥያቄ መግለጡ ትልቅ ችሎታ ነው።

ሎራንስ ከክፍሉ ሲወጡ ግን የፊልሙ አካሄድ ይለወጣል። በረጅሙ መተላለፊያ ሲያልፉ ሙዚቃው ይነሣል፤ የተማሪውና የባልደረባው ዐይን ይከተላቸዋል፤ እርምጃቸው የድል አድራጊ ይሆናል። ሥዕሉ ያምራል፤ ተመልካቹም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ከዚህ በኋላ የትምህርት ቤቱ ሰዎች አፍም እጅም የላቸውም፤ ዐይን ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ፊልሙ ገና ሲጀምር በጎዳና ላይ የሚያፈጡትን ፊቶች ያሳየን ነበር፤ አሁን ደግሞ ባልደረቦቹ ከእነዚያ መንገደኞች ጋር አንድ ይሆናሉ። የሥዕሉ ቅርጽ ራሱ ለዚህ ያግዛል። ዶላን ሰፊውን የዘመኑን ሲኒማ ትቶ እንደ ድሮው ፊልም ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ ጠባብ ሥዕል መርጧል። ጠባቡ ሥዕል አንድን ፊት ለማሳየት ይመቻል፤ ማኅበርን ለማሳየት ግን ቦታ አይተርፈውም።

፬

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አስተዳዳሪዎቹ ሎራንስን ይጠሯቸዋል። የወላጆች ቅሬታ መጥቷል፤ ሎራንስም ከሥራቸው ይሰናበታሉ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ ይህን ሁኔታ ከአእምሮ በሽታዎች መካከል ይቈጥረው ስለ ነበር እንዲህ ላለው ውሳኔ መጠለያ የሚሆን ወረቀት አልጠፋም። ያ ወረቀት ዛሬ ተለውጧል። የሐኪሞቹ ማኅበር በ2013 ስያሜውን ለውጦ ትኩረቱን ሰውየው በሚሰማው ጭንቀት ላይ አደረገ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ጉዳዩን ከአእምሮ በሽታዎች ምዕራፍ አውጥቶታል። ስለዚህ የፊልሙ አስተዳዳሪዎች ዛሬ ቢሰበሰቡ ሌላ መጠለያ መፈለግ ይኖርባቸው ነበር።

ሎራንስ ሲሰናበቱ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት የላቲን ቃላት ይጽፋሉ፤ ጲላጦስ ክርስቶስን ለሕዝቡ ሲያሳይ የተናገራቸውን ቃላት ነው። ይህ ሥዕል በብዙ ተመልካች አእምሮ ተቀርጾ የሚቀር ነው። እኔ ግን ግማሹን ብቻ የተነበበ ጥቅስ ሆኖ አገኘዋለሁ። በዚያ የፍርድ አደባባይ የቆመው ተከሳሹ ብቻ አልነበረም። ጥፋት አላገኘሁበትም እያለ ውኃ አስመጥቶ እጁን የታጠበም ነበር። ዶላን የተገፋውን ሰው ክብር አሳየን፤ እጃቸውን የታጠቡትን ግን አላሳየንም። በመተላለፊያው ላይ ሎራንስን በዐይናቸው የሸኙት ባልደረቦች በስብሰባው ቀን የት ነበሩ? ስንቱ መምህር ፊርማውን ለማኖር ተጠየቀ፣ ስንቱስ እምቢ አለ? ያቺ እጇን ያነሣች ተማሪ መምህሯ የሄዱበትን ምክንያት ማን ነገራት? ፊልሙ ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አይጠይቅም።

አንድ ሥራ የሰዎችን መቅረት ሊያሳየን ይችላል፤ ለምሳሌ ባዶ ወንበር ቢያሳየን ማን እንደ ቀረ እናስባለን። በዚህ ፊልም ግን ባዶው ወንበር እንኳ የለም። ትምህርት ቤቱ ከታሪኩ ተቈርጦ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ረጅም ጊዜ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ድጋፍ የሚፈተነው ግን ከዚህ ላይ ነበር። በመተላለፊያ ላይ ፈገግ ማለት ዋጋ አያስከፍልም፤ በስብሰባ ላይ መናገር ግን ዋጋ ያስከፍላል።

፭

ሥራው ከሄደ በኋላ ሸክሙ ሁሉ ወደ ቤት ይገባል። ፍሬድ በመጀመሪያ ትቈጣለች፤ ቀጥላም ከሎራንስ ጋር ለመቆየት ትወስናለች። ሰው ሠራሽ ጠጕር ትገዛለች፤ ልብስ ትመርጣለች፤ የእናቷንና የእኅቷን ነቀፋ ትችላለች። የሎራንስ እናት በበኩላቸው መጀመሪያ ላይ ከሩቅ ሆነው ያያሉ፤ ወደ ልጃቸው የሚቀርቡት ዘግይተው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱም ቤተ ዘመዱም መስጠት የነበረባቸውን ሁሉ ፍሬድ ብቻዋን እንድትሰጥ ተፈረደባት።

ይህ በግልጥ የሚታየው በምግብ ቤቱ ክፍል ነው። ሁለቱ ለቁርስ ተቀምጠው ሳለ አንዲት አስተናጋጅ ስለ ሎራንስ መልክ አጉል ጥያቄ ታቀርባለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወሬ ወዳድ ናት። ፍሬድ ግን ተነሥታ ትጮኻለች፤ ምግብ ቤቱ ሁሉ ጸጥ እስኪል ድረስ በሴትዮዋ ላይ ቍጣዋን ታፈስሳለች። ክሌማን በዚህ ቦታ ያሳየችው ችሎታ ከሽልማቱ በላይ ነው። ተቺዎች ይህን ጩኸት የፍቅር ጩኸት ቢሉት አይሳሳቱም። ቢሆንም ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ሌላም ነገር ይሰማበታል። ፍሬድ የምትጮኸው በአስተናጋጇ ላይ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ በሌሉት፣ ተካፍለው ሊሸከሙ ሲገባቸው በተበተኑት ሁሉ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬድ መታመሟና መለየቷ ሊያስደንቀን አይገባም። ፍቅሯ አነስተኛ ስለ ሆነ አልተሰበረችም፤ ሎሚው ሃምሳ ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ፊልሙ ለሎራንስ ሌላ መጠጊያ ይሰጣቸዋል። በመጠጥ ቤት ጠብ ተደብድበው ፊታቸው ደም ለብሶ ሳለ «አምስቱ ሮዞች» የተባሉ፣ በጌጥና በላባ ያሸበረቁ አዛውንቶች ያገኙዋቸዋል፤ ባረጀ አዳራሻቸውም ይቀበሏቸዋል። ርኅራኄያቸው እውነተኛ ነው፤ የተገፋ የተገፋውን ያውቃልና። ነገር ግን ይህ የስደት ቤት ነው። አዳራሹ የቱንም ያህል ቢያምር ደመወዝ አይከፍልም፤ ክፍልም አይመልስም። ፊልሙ ከማኅበሩ የተባረረው ሰው ከማኅበሩ ውጭ የሚያምር ቤት እንደሚያገኝ ይነግረንና ልባችንን ያሳርፈዋል። በመጨረሻም ሎራንስ በድርሰታቸው ይታወቃሉ፤ ጋዜጠኛ መጥታ ታነጋግራቸዋለች። መልካም ነው። መምህር ሁሉ ግን ደራሲ አይደለም። መጽሐፍ ያልጻፈው፣ ማስተማር ብቻ የሚያውቀው መምህር በዚህ ፊልም ውስጥ መልስ የለውም።

፮

ፊልሙ የተወውን ጥያቄ የፍርድ ቤት መዝገቦች አልተዉትም። ከሞንትሬያል ወደ ደቡብ ወርደን የአሜሪካዋን የኒው ጀርሲን ግዛት ብንመለከት በሠላሳ አምስት ዓመት ልዩነት የተፈጸሙ ሁለት ጉዳዮች እናገኛለን።

የመጀመሪያው በሕግ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀው የፓውላ ግሮስማን ጉዳይ ነው። ግሮስማን በበርናርድስ ታውንሺፕ ከ1957 ጀምረው ሙዚቃ ያስተምሩ ነበር። በ1971 ለሽግግሩ ሕክምና አደረጉ። የትምህርት ቦርዱም ዋስትና ያለውን ቋሚ ሥራቸውን እንዲለቁና በአንድ ዓመት ውል እንደ አዲስ እንዲቀጠሩ ሐሳብ አቀረበላቸው። እምቢ አሉ። ታገዱ፤ ተሰናበቱም። በ1974 የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስንብቱን አጸናው። ምክንያቱ የማስተማር ችሎታ ማነስ አልነበረም፤ በክፍል ውስጥ መገኘታቸው የልጆችን መንፈስ ሊጎዳ ይችላል የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ግሮስማን በሴትነታቸው ክፍል ገብተው ገና አላስተማሩም ነበር። የዶላን ተማሪ ያገኘችውን እጅ የማንሣት ዕድል የኒው ጀርሲ ልጆች አላገኙትም። በ1976 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሳይቀበለው ቀረ። በ1978 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ሥራቸውን ለመሥራት አይችሉም ተብለው እስከ ተሰናበቱ ድረስ ሥራ ለማይችል ሰው የሚሰጠው ጡረታ ይገባቸዋል ሲል ፈረደላቸው። አንድ ጤነኛና የሠለጠነ መምህር ማስተማር እንደማይችል ሰው ጡረታ ወጣ ማለት ነው።

ከዚህ ጉዳይ ለፊልማችን የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። የግሮስማን ባለቤትና ሦስት ሴቶች ልጆቻቸው አልተለዩዋቸውም። በዶላን ፊልም የተሰበረው ነገር በዚህ ቤት ሳይሰበር ቆየ። ሆኖም ክፍሉ አልተመለሰም። እንግዲህ ፍቅር ሳይሰበር እንኳ የማኅበሩን ቦታ ሊተካ አይችልም። ዶላን «ፍቅር ይበቃል ወይስ አይበቃም?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ራሱ ከመንገዱ የወጣ የሚመስለኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በ2006 በዚያው ግዛት በኢግልስዉድ ታውንሺፕ የተፈጸመ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ተተኪ መምህርት ከሽግግራቸው በኋላ ወደ ሥራቸው ለመመለስ አመለከቱ። የሚቃወሙ ወላጆች ተነሡ፤ የሚደግፉም ነበሩ። በአደባባይ ስብሰባ ክርክሩ ተሰማ፤ ቦርዱም በ4 ድምፅ ለ1 መምህርቷ እንዲቀጥሉ ወሰነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግዛቱ አድልዎ የሚከለክለውን ሕጉን አሻሽሎ የጾታ ማንነትን ጨመረበት፤ ሕጉም በ2007 በሥራ ላይ ዋለ። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ ብዙ መንገድ ተሄደ ማለት ነው። ነገር ግን መምህርቷ በ2009 ሥራቸውን ሲለቁ፣ ለማስተማር የሚጠሩበት ቀን ማነሱን ተናግረዋል። ተተኪ መምህር የሚኖረው በተጠራበት ቀን ነው። በስብሰባ ላይ የተሰጠ ድምፅ በየማለዳው ካልተደወለ ስልክ ጋር ሲነጻጸር ምን ይመዝናል?

ወደ ኬቤክ እንመለስ። የዶላን ታሪክ በ1990ዎቹ መጨረሻ ያበቃል። በ1998 የኬቤክ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት፣ በአንድ የወጣቶች መርጃ ቤት ትሠራ የነበረች ሠራተኛ ጾታዋን በመሸጋገሯ ምክንያት መሰናበቷ በጾታ ላይ የተመሠረተ አድልዎ ነው ሲል ፈርዷል። በ2016 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ የመብት ቻርተር የጾታ ማንነትንና አገላለጽን በስም ጠቅሶ ጨመረ። እንግዲህ ፊልሙ በሚተርክበት ዘመን፣ በዚያው አገር፣ ከመጠጥ ቤት ጠብና ከጌጠኛ አዳራሽ ሌላ መንገድ መከፈት ጀምሮ ነበር። ሎራንስ ግን በፊልሙ ውስጥ ወደዚያ መንገድ አይሄዱም፤ የሚመራቸውም የለም።

፯

ይህን አስተያየት የሚቃወም ሰው ሁለት ነገር ሊያነሣ ይችላል። አንደኛው፣ ዶላን የጻፈው የፍቅር ድርሰት እንጂ ስለ ትምህርት ቤት አስተዳደር የሚገልጽ ዘገባ አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ድርሰትን ያላሰበውን ለምን አልሠራህም ብሎ መክሰስ አይገባም። ነገር ግን ትምህርት ቤቱን ያመጣው ራሱ ዶላን ነው። ከፊልሙ ሁሉ ብልጫ ያለውን ክፍል ከዚያ ሠራ፤ የባለታሪኩንም ውድቀት ከዚያ አስጀመረ። ደራሲ የታሪኩን ምክንያት ካሳየን በኋላ ውጤቱን ብቻ ይዞ ቢሄድ ምክንያቱ የት ደረሰ ብለን ብንጠይቅ አናጠፋም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወላጆች በኩል የሚመጣ ነው። ወላጅ ልጁን የሚያስተምረው ሰው ማን እንደ ሆነ ማወቅ፣ ልጁም ግራ ቢጋባ መልስ ማግኘት ይፈልጋል። ይህ መብቱ ነው፤ የሚጠይቀውንም ሁሉ ጠላት ማድረግ ስንፍና ነው። ሆኖም ጥያቄና ፍርድ የተለያዩ ናቸው። ጥያቄው በክፍል ውስጥ በሚታየው ነገር ይመዘን፤ ትምህርቱ ተሰጥቷል ወይ? ልጆቹ ይማራሉ ወይ? መምህሩ እንደ ቀድሞው ሥራቸውን ያከብራሉ ወይ? በግሮስማን ላይ የተፈረደው ከነዚህ አንዱም በክፍል ውስጥ ሳይታይ «ሊሆን ይችላል» በሚል ግምት ነበር። በ2006ቱ ስብሰባ ግን ወላጆች እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ፤ በዚያም የሚያውቁት መምህርት ነበሩና የሚመሰክር ሰው ተገኘ። ማኅበር የሚጠቅመው ሁሉም አንድ ሐሳብ ስላለው አይደለም፤ የተለያየ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች በአንድ አዳራሽ ስለ አንድ የሚያውቁት ሰው ስለሚነጋገሩ ነው።

ከአገራችን ኑሮ አንድ ምሳሌ ብጠቅስ ነገሩ ይገለጣል። ዕድር ኀዘን በደረሰበት ቤት ደጃፍ ድንኳን የሚተክለው አባላቱ ሁሉ ኀዘንተኛውን ስለሚወዱ አይደለም። ምናልባት ከመካከላቸው ከኀዘንተኛው ጋር የተኳረፈም ይኖራል። እሱም ቢሆን ይመጣል፤ ካልመጣ ይቀጣል። የዕድር ጥበብ ድጋፍን ከስሜት አውጥቶ ግዴታ ማድረጉ ነው። ዶላን ድጋፍን ሁሉ የስሜት ጉዳይ አደረገው፤ ስሜት ደግሞ ሲደክም ይጥላል። ለሽግግር ላይ ላለ መምህር የሚያስፈልገው ድጋፍ ከዕድሩ ድንኳን ጋር ይመሳሰላል። ቋሚ ሥራው ይጠበቅለታል፤ ለተማሪውና ለወላጁ ነገሩን በጊዜው የሚያስረዳ ይመደባል፤ በስም መጥሪያው ላይ ስሙ በትክክል ይጻፋል፤ ባልደረባው በስብሰባ ቀን ይገኛል። ከነዚህ ነገሮች አንዱም ፍቅርን አይጠይቅም። ሁሉም ተደምረው ግን ፍቅር እንዲተነፍስ ቦታ ይሰጡታል። ፍሬድ እነዚህን ብታገኝ ኖሮ ከሎራንስ ጋር ትኖር ነበር ወይ? ይህን ማንም ሊናገር አይችልም። ቢያንስ ግን ከተለየችም የምትለየው በራሷ ልብ ምክንያት በሆነ ነበር።

በጠቅላላው ሲታይ «የሆነ ሆኖ ሎራንስ» ሊታይና ሊመረመር የሚገባው ሥራ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት እንዲህ ያለ ነገር መሥራቱ ያስደንቃል፤ ሎራንስን ሆኖ የተጫወተው ሜልቪል ፑፖም መምህሩን ለሳቅም ለእንባም ሳይሸጥ በክብር አቁሞታል። ጕድለቱ ከድፍረት ማነስ የመጣ አይደለም፤ የተለየውን ሰው አብዝቶ ከማድነቅ፣ ተራውን ሰው ከመዘንጋት የመጣ ነው። ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቹ መምህራን ናቸው፤ የቀሩትም ነገ ይሆናሉ። ስለዚህ ፊልሙን ሲያዩ ዐይናቸውን በመተላለፊያው ላይ በድል በሚራመዱት መምህር ላይ ብቻ እንዳያሳርፉ እመክራለሁ። በግድግዳው ዳር ቆመው የሚያዩትንም ይመልከቱ፤ ከእኛ ብዙዎቻችን የምንቆመው ከዚያ ነውና።